ሊሸነፍ የሚችልበት ሜዳ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 2010 አመሻሽ ላይ፣ በኬንታኪ ግዛት ሉዊቪል ከተማ በሚገኘው ቸርችል ዳውንስ የፈረስ መሮጫ፣ ዜንያታ የተባለች የስድስት ዓመት ባዝራ ሃያኛ ውድድሯን ጀመረች። ከዚያ በፊት በሮጠችባቸው አሥራ ዘጠኝ ውድድሮች የቀደማት አልነበረም። እንደ ልማዷ ከሁሉም ኋላ ቀረች፤ በዚያ ቀን ግን ከልማዷም በላይ ቀርታ፣ ከፊቷ ካለው ፈረስ ጋር እንኳ ብዙ ተራራቀች። ጋላቢዋ ማይክ ስሚዝ ወደ መጨረሻው ቀጥታ ሲገቡ መንገድ ፈልጎ ለቀቃት። ቀዳሚዎቿን አንድ በአንድ እያለፈች መጣች። አንዱ ብቻ ቀረ። ብሌም የተባለው የአራት ዓመት ድንጉላ በአንድ ራስ ቀድሟት መስመሩን አለፈ።

በተከታዩ ጃንዋሪ የዓመቱን ምርጥ ፈረስ የሚመርጡ ሰዎች ድምፅ ተቆጠረ። ዜንያታ 128፣ ብሌም 102። ፊት ለፊት ተገናኝተው የተሸነፈችው የዓመቱ ፈረስ ተባለች።

ዜንያታን እወዳታለሁ። የዚያን ዕለት ሩጫዋ ከድሎቿ ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ቢሆንም የመራጮቹ ውሳኔ ልክ አልነበረም። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት፣ አንድ የሩጫ ፈረስ በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ቢሠራ ነው ሻምፒዮን መባል የሚገባው የሚለውን ጥያቄ ከሥሩ ማንሳት ያስፈልጋል። ነገሩ የፈረስ አፍቃሪዎች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ትንሽ ይታገሠኝ። “ይገባዋል” የምንለውን ነገር እንዲህ ጥርት ብሎ የምናይበት ቦታ ብዙ የለም። ፈረስ አይለምንም፣ ስለ ራሱ አይናገርም፣ ወዳጅ ልኮ አያስመርጥም። የሠራው ሥራ ብቻ ቀርቦ ይታያል፤ የቀረው የእኛ ፍርድ ነው።

ሽልማቱ ኤክሊፕስ ይባላል። በአሜሪካ በዚህ ስም መሰጠት የጀመረው በ1971 ነው። ከዚያ በፊት ዴይሊ ሬሲንግ ፎርም የተባለው የእሽቅድምድም ጋዜጣና የመሮጫ ሜዳዎቹ ማኅበር ለየብቻ ይመርጡ ስለነበር፣ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ዓመት ሁለት “የዓመቱ ፈረስ” ይኖር ነበር። በ1957 አንዱ ወገን ቦልድ ሩለርን፣ ሌላው ዴዲኬትን መረጠ። በ1965 አንዱ ሮማን ብራዘርን ሲመርጥ፣ ሌላው ገና የሁለት ዓመት የነበረችውን ሞካሲንን መረጠ። ዛሬ ድምፅ የሚሰጡት ሦስት ወገኖች ናቸው፤ የእሽቅድምድሙ ብሔራዊ ማኅበር ሰዎች፣ የዚያው ጋዜጣ ባልደረቦች፣ የስፖርቱ ጸሐፊዎችና አሰራጮች ማኅበር አባላት። ለየዕድሜው፣ ለየፆታውና ለየመሙ ዓይነት ሻምፒዮን ይመረጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዓመቱ ፈረስ። ይህን ያህል ውድድር ያሸነፈ፣ ይህን ያህል ገንዘብ ያገኘ ብሎ የሚወስን ቀመር የለም። መራጩ ከኅሊናው ጋር ብቻውን ይቀመጣል።

ሽልማቱ የተሰየመበት ፈረስ በ1764 እንግሊዝ ውስጥ፣ በፀሐይ ግርዶሽ ቀን የተወለደ ነው። አሥራ ስምንት ጊዜ ሮጦ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም። ከእነዚያ ድሎች በርካታዎቹ ግን ተፎካካሪ ያልቀረበባቸው ነበሩ። የሌሎቹ ፈረሶች ባለቤቶች ስለፈሩት ቀሩ፤ እሱም ብቻውን መሙን ዞሮ አሸናፊ ተባለ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ነገር ግን ብቻውን የሮጠ ፈረስ ያን ቀን ስለ ራሱ ምን ነገረን? ሰዎች ቀድሞውኑ ያመኑትን ከመድገም በቀር ምንም። እውነተኛውን ነገር የነገረን ሌሎች ፈረሶች አጠገቡ ቆመው በነበሩባቸው ቀኖች ነው።

አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ይህን ነጥብ በኦሊምፒያ ምሳሌ ያነሳዋል። እዚያ ዘውድ የሚደፋው ከሁሉ ያማረውና ከሁሉ የበረታው ሰው አይደለም፤ ወደ ውድድሩ የገባው ነው፣ ምክንያቱም አሸናፊ የሚወጣው ከገቡት መካከል ነው። ፈላስፋው ይህን ያነሳው ስለ ሰው ልጅ ሕይወት ለመናገር ነበር። በጎነት ተይዞ የሚቀመጥ ንብረት ሳይሆን በሥራ ላይ የሚታይ ነገር ነው ለማለት። ለፈረስ ሲሆን ሐሳቡ ያለ ምንም ማስተካከያ ይሠራል። ችሎታ በጋጣ ውስጥ ተኝቶ ማደር ይችላል። በጠዋት ልምምድ በሰዓት ተለክቶ አሰልጣኙን ሊያስደንቅ ይችላል። ሽልማት የሚሰጠው ግን ለተገለጠ ችሎታ ነው፤ የሚገለጠውም ሌላ ፈረስ አብሮ ሲሮጥ ነው።

በዚያው በጥንቱ ኦሊምፒያ የፈረስና የሠረገላ ውድድር ዘውድ የሚሰጠው ለባለቤቱ ነበር። የስፓርታዋ ኪኒስካ በ396 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የሠረገላ አሸናፊ የተባለችው ፈረሶቹ የእሷ ስለነበሩ ነው። ጸሐፊው ፓውሳንያስ ግን ከዚህ ልማድ ጎን ለጎን ሌላ ታሪክ አስቀምጦልናል። ፌይዶላስ የተባለ የቆሮንቶስ ሰው አውራ የምትባል ባዝራ ነበረችው። ውድድሩ እንደተጀመረ ጋላቢዋ ወደቀ። እሷ ግን አልቆመችም። ሥርዓቱን ጠብቃ ሮጠች፣ በመታጠፊያው ታጠፈች፣ የመለከቱን ድምፅ ስትሰማ ፍጥነት ጨመረች፣ ከሁሉም ቀድማ ዳኞቹ ዘንድ ደረሰችና ቆመች። ዳኞቹ ባለቤቷን አሸናፊ አሉት፤ የባዝራይቱን ሐውልትም እንዲያቆም ፈቀዱለት። ዘውዱ ለሰውየው፣ ሐውልቱ ለባዝራይቱ። ይህ አከፋፈል ለእኔ እስከ ዛሬ ድረስ ከሰማሁት ሁሉ ትክክለኛው ነው።

እኛ አገር ክብሩ በሌላ መንገድ ነበር የሚጓዘው። ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። ሰው ከፈረሱ ስም ወስዶ ሲጠራ፣ ክብሩ በመጀመሪያ የእንስሳው እንደነበረ ማመኑ ነው። የኤክሊፕስ መራጮችም በወረቀታቸው ላይ የሚጽፉት የፈረሱን ስም ነው፤ ለባለቤት፣ ለአሰልጣኝና ለጋላቢ የየራሳቸው ሽልማት አለ። ስለዚህ የባለቤቱ ብልሃት፣ የአሰልጣኙ ጥንቃቄ፣ የሕዝቡ ፍቅር ሁሉ ከዚያች መስመር ውጭ መቅረት ይገባቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር እንዳለ አውቃለሁ። የት እንደሚሮጥ የሚመርጠው ፈረሱ አይደለም። ከማን ጋር እንደሚገጥም፣ መቼ እንደሚያርፍ የሚወስኑለት ሰዎች ናቸው። ታዲያ ሰዎቹ ስለ ፈሩ ፈረሱ ለምን ይቀጣል? መልሴ ሽልማት ፍትሕ የማከፋፈያ ችሎት አይደለም የሚል ነው። ሽልማት ምስክርነት ነው። ምስክር ያየውን ይናገራል፤ ሊሆን ይችል የነበረውን አይናገርም። ባለቤቱ ፈርቶ ያላሰለፈው ፈረስ ምናልባት ታላቅ ነበር። እኛ ግን አላየንም።

የእኔ መስፈርት እንግዲህ ይህ ነው። የዓመቱ ሻምፒዮን መባል ያለበት፣ በዚያ ዓመት ሊሸነፍ በሚችልበት ሜዳ ደጋግሞ የቀረበና ከቀረቡት ሁሉ ይልቅ እዚያ ያሸነፈ ፈረስ ነው። ድሎቹን ስቆጥር የምጠይቀው ስንት ናቸው ብዬ ብቻ አይደለም፤ በእያንዳንዳቸው ቀን ማን ሊቀድመው ይችል ነበር ብዬ እጠይቃለሁ።

በ2009 የሆነውን በዚህ ዓይን ልይ። ሬቸል አሌክሳንድራ የሦስት ዓመት ባዝራ ነበረች። በዚያ ዓመት ስምንት ጊዜ ሮጣ ስምንቱንም አሸነፈች፤ በስድስት ግዛቶች በሚገኙ ሰባት መሮጫዎች። የዕድሜ እኩዮቿ ባዝራዎች ታላቅ ውድድር የሆነውን ኬንታኪ ኦክስን ከ20 የፈረስ ርዝመት በላይ ርቃ ስታሸንፍ፣ ያ ብቻ ለአንድ ዓመት ዝና ይበቃት ነበር። ከዚያ በኋላ ከባዝራዎች ጋር ብቻ እያሰለፉ ቢያስሮጧት የሚወቅሳቸው አይኖርም። ሆኖም ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሶቹ ባለቤቶቿ ፕሪክነስ ላይ ከወንዶቹ ጋር አሰለፏት። ከ1924 ወዲህ ያን ውድድር ያሸነፈች ባዝራ አልነበረችም። ጋላቢው ካልቪን ቦሬል ኬንታኪ ደርቢን ያሸነፈበትን ማይን ዛት በርድን ትቶ የእሷን ኮርቻ መረጠ። የደርቢ አሸናፊን በገዛ ፈቃዱ ትቶ መውረድ ለአንድ ጋላቢ ምን ማለት እንደሆነ ሙያውን የሚያውቅ ያውቀዋል። እሷም ማይን ዛት በርድን በአንድ ርዝመት ቀደመችው። በኦገስት፣ ሃስኬል ላይ፣ የቤልሞንትን አሸናፊ ሰመር በርድን በስድስት ርዝመት ጥላው ሄደች። በሴፕቴምበር ደግሞ በሳራቶጋ ውድዋርድ በዕድሜ የሚበልጧትን ወንዶች ገጠመች። ያን ውድድር ያሸነፈች ባዝራ እስከዚያ ቀን በታሪክ አልነበረችም። ፊት ሆና መራች፤ እየተፈራረቁ ገፏት፤ በመጨረሻው ቀጥታ ማቾ አጌን ከጎኗ ሲደርስ ሁሉ ነገር ያበቃ መሰለ። በአንድ ራስ አሸነፈች። ያች አንዲት ራስ ለእኔ ከኦክሱ ሃያ ርዝመት ትበልጣለች፤ ኦክስ ላይ ልትሸነፍ አትችልም ነበር፣ ውድዋርድ ላይ ግን ለጥቂት ተርፋለች።

በዚያው ዓመት ዜንያታ አምስት ጊዜ ሮጣ አምስቱንም አሸነፈች። ሁሉም በካሊፎርኒያ፣ ሁሉም በሰው ሠራሽ መም ላይ፤ አራቱ ከባዝራዎች ጋር ብቻ። አምስተኛው ግን ብሪደርስ ካፕ ክላሲክ ነበር፤ ከ1984 ጀምሮ ሲካሄድ ባዝራ አሸንፋው የማታውቅ፣ ከአውሮፓ ሳይቀር ፈረስ የሚመጣበት፣ የዓመቱ ከባድ ውድድር። ከኋላ ተነሥታ ሁሉንም አለፈች። የሬቸል ባለቤት ጄስ ጃክሰን ደግሞ መሙ ሰው ሠራሽ ነው ብሎ ውድድሩ ወደተካሄደበት ወደ ሳንታ አኒታ ሳያመጣት ቀረ። ድምፁ 130 ለ99 ሆኖ ሬቸል ተመረጠች።

የኔ መስፈርት ለሬቸል የማይመቸው እዚህ ላይ ነው፤ መደበቅ አይገባኝም። ከባዱ ውድድር ላይ አልቀረችም ማለት አይቻልም፣ ቀርታለች። ነገር ግን ፕሪክነስ፣ ሃስኬልና ውድዋርድ ሦስት የተለያዩ ቀኖች ናቸው፤ በሦስቱም ሽንፈት በአጠገቧ ነበር። ዜንያታ በዚያ ዓመት እውነተኛ ፈተና ላይ የቀረበችው አንድ ቀን ነው፤ ያም ቀን ሰፈሯ ድረስ የመጣላት ነበር። ዓመት የብዙ ቀኖች ድምር ነው። ስለዚህ መራጮቹ በዚያ ጃንዋሪ ትክክል ነበሩ እላለሁ። ሁለቱ ባዝራዎች በተከታዩ አፕሪል በአርካንሶ ግዛት ኦክላውን ላይ እንዲገናኙ ታስቦ ነበር፤ ሬቸል ቀድማ በሮጠችበት ውድድር ተሸንፋ ቀረችና ሳይገናኙ ቀሩ። ይህ ከሙያው ታላላቅ ጉድለቶች አንዱ ሆኖ ይሰማኛል። ያን የሚያህል ጥያቄ ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ሩጫ ሊመለስ ሲችል፣ ለወረቀትና ለክርክር ተተወ።

ከዚህ በኋላ ወደ 2010 ስመለስ ፍርዱ አያስቸግረኝም። ብሌም በዚያ ዓመት አምስት ጊዜ ቀረበ፤ በአራት መሮጫዎች፣ ሁልጊዜም ከብርቱ ወንዶች ጋር። በሳራቶጋ ዊትኒ ላይ ክዎሊቲ ሮድን በአንድ ራስ አሸነፈ። በኒውዮርክ ጆኪ ክለብ ጎልድ ካፕ ላይ ሁለተኛ ወጣ። ክላሲክ ላይ ዜንያታን አሸነፈ። ዜንያታ ከክላሲክ በፊት በዚያ ዓመት ያሸነፈቻቸው አምስት ውድድሮች ሁሉ ለባዝራዎች ብቻ የተዘጋጁ ነበሩ። መራጮቹ ብዙዎቹ ለእሷ የሰጡት የ2010ን ድምፅ አይመስለኝም። የሰጡት የሦስት ዓመት ውለታ ነው፤ ምናልባትም የ2009 ጸጸት። ስሜታቸውን አልንቅም፤ ያን ሩጫ አይቶ ልቡ ያልተነካ ሰው ምን ዓይነት ልብ እንዳለው አላውቅም። ነገር ግን የዕድሜ ልክ ክብር የራሱ ቤት አለው። በሳራቶጋ ስፕሪንግስ ያለው የዝና አዳራሽ የተሠራው ለዚያ ነው፤ በ2016 ዜንያታና ሬቸል በአንድ ዓመት ገብተውበታል። የዓመቱ ሽልማት ለዕዳ መክፈያ ሲውል የሚከፈለው ከሌላ ፈረስ ድርሻ ላይ ተቆርጦ ነው፤ በዚያ ዓመት ከብሌም ተቆረጠ።

ሽንፈት ግን በራሱ ነውር አይደለም። ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ንጹሕ መዝገብን እንደ ጣዖት የማየት ልማድ እየበረታ መጥቷል። ሴክሬታሪያት በ1973 አሥራ ሁለት ጊዜ ሮጦ ሦስት ጊዜ ተሸንፏል። በዊትኒ ያሸነፈው ኦኒየን የተባለ፣ ብዙ ሰው ከዚያ በፊት ስሙን ያላስታወሰው ፈረስ ነበር። በውድዋርድ ፕሩቭ አውት ቀደመው። ሁለቱንም ያሰለጠነው አለን ጀርከንስ ነው። የሴክሬታሪያት ሰዎች ከሽንፈቱ በኋላ አልደበቁትም፤ ከአፈር መም አውጥተው ሮጦበት በማያውቀው የሣር መም ላይ አሰለፉት፣ እዚያም አሸነፈ፣ ቀጥሎ ካናዳ ድረስ ሄዶ አሸነፈ። በቤልሞንት በ31 ርዝመት ያሸነፈባት ጁን 9 ብቻ በቂው ነበረች ለማለት ይቻላል፤ አንድ ማይል ተኩሉን የሮጠበት 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ እስከ ዛሬ በአፈር መም አልተሻሻለም። ለዓመቱ ሽልማት ግን ከዚያ ሰከንድ እኩል የሚመዝነው ከዊትኒ ሽንፈት በኋላ እንደገና መቅረቡ ነው። በ1988 ፐርሰናል ኤንሳይን የተባለችው ባዝራ አሥራ ሦስት ለአሥራ ሦስት አሸንፋ ስታበቃ የዓመቱ ፈረስ የተባለው ደጋግሞ ከከባዶቹ ጋር የገጠመው አሊሼባ ነበር። ያም ተገቢ ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ገንዘቡ የሽልማቱን ትርጉም ቀስ በቀስ እየበላው ስለሆነ። ታላቅ ድንጉላ ከሜዳ ይልቅ በእርባታ ጣቢያ ይበልጥ ያተርፋል። አሜሪካን ፋሮ በ2015 ሠላሳ ሰባት ዓመት የጠፋውን የሦስትዮሽ ዘውድ (ደርቢን፣ ፕሪክነስንና ቤልሞንትን በአንድ ዓመት ማሸነፍ) መልሶ ካመጣ በኋላ፣ በተከታዩ ዓመት አንዲት ባዝራ ለማስጠቃት 200,000 ዶላር ይጠየቅለት ነበር። እንዲህ ያለ ዋጋ ያለው ፈረስ ሲሸነፍ ባለቤቱ የሚያጣው ሽልማት ብቻ አይደለም፤ የዘሩ ዋጋ ይወርዳል። ስለዚህ ማሳረፍ፣ መምረጥ፣ በጊዜ ጡረታ ማውጣት ብልህነት ሆነ። በ1960 አንድ ፈረስ በአማካይ በዓመት ከ11 ጊዜ በላይ ይሮጥ ነበር፤ አሁን ቁጥሩ ወደ 6 ወርዷል።

ከዚህ አንጻር የተኮላሹትን ፈረሶች ታሪክ ማንበብ ልብ ይነካል። ዘር ስለማይሰጡ ከሩጫቸው በቀር የሚሸጥ ነገር የላቸውም፤ ስለዚህ ይሮጣሉ። ኬልሶ ከ1960 እስከ 1964 አምስት ጊዜ በተከታታይ የዓመቱ ፈረስ ተብሏል፤ 63 ጊዜ ሮጦ 39 አሸንፏል። ጆን ሄንሪ ገና በልጅነቱ በ1,100 ዶላር የተሸጠ፣ በኋላም ሳም ሩቢን የተባለ ብስክሌት አስመጪ በ25,000 ዶላር የገዛው ፈረስ ነበር። 83 ጊዜ ሮጠ፤ እሱም 39 አሸነፈ፤ በ1981 የዓመቱ ፈረስ ተባለ፣ በ1984 ደግሞ በዘጠኝ ዓመቱ እንደገና። ፎሬጎ ከ1974 እስከ 1976 ሦስት ጊዜ ተመረጠ። በእሱ ዘመን ከባዶቹ ውድድሮች ብዙዎቹ በክብደት የሚመጣጠኑ ነበሩ፤ የበለጠው ፈረስ የበለጠ እንዲሸከም ይፈረድበታል። በ1976 ማርልቦሮ ካፕ ላይ ፎሬጎ 137 ፓውንድ፣ 62 ኪሎ ያህል፣ ተጭኖበት ነበር። ኦነስት ፕሌዠር የተሸከመው 119 ብቻ ነው። ዝናብ ባጨቀየው መም ላይ ከሩቅ ተነሥቶ በአንድ ራስ ቀደመው። ስለ ሻምፒዮን ሳስብ ከሁሉ በፊት የሚመጣብኝ ይህ ውድድር ነው። ያለፈው ድሉ ራሱ ሸክም ሆኖ ጀርባው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ያን ተሸክሞ ሊሸነፍ በሚችልበት ቦታ ቀረበ።

በዚህ ሚዛን ላይ የ2022ቱን ፍላይትላይንን ማስቀመጥ ይከብዳል። በዚያ ዓመት የሮጠው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ፓሲፊክ ክላሲክን ከ19 ርዝመት በላይ፣ ብሪደርስ ካፕ ክላሲክን ከ8 በላይ ርቆ አሸነፈ። ዓለም አቀፉ ደረጃ አውጪ ኮሚቴ ከእንግሊዙ ፍራንክል ጋር እኩል 140 ነጥብ ሰጠው። ነጥቡ የሚለካው ግን አንድ ፈረስ በምርጥ ቀኑ የደረሰበትን ከፍታ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሠራውን አይለካም። ለእሱ የምመሰክርለት አንድ ነገር አለ። ሦስቱም ውድድሮች ከአገሪቱ ብርቱዎች ጋር ነበሩ፤ የተመረጠ ቀላል ቀን አልነበረም። ስለዚህ ለእሱ የተሰጠው ድምፅ ትክክል ነው እላለሁ፤ በአምስት ዓመቱ አንድም ቀን ሳይሮጥ ወደ እርባታ መሄዱ ግን ያሳዝነኛል። በዘመን አንዴ የሚታይ ዓይነት ችሎታ ስድስት ጊዜ ብቻ ታይቶ ተዘጋ ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ስድስት ጊዜ ብቻ መታየቱ ግን እውነት ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር ከባዱ ተቃውሞ ከፊቴ ይቆማል። ጁላይ 6 ቀን 1975 በቤልሞንት መሮጫ፣ አንድም ጊዜ ያልተሸነፈችው ባዝራ ረፊያን ከደርቢው አሸናፊ ፉሊሽ ፕሌዠር ጋር አንድ ለአንድ እንድትገጥም ተደረገ። አገር ሁሉ የጠየቀው ግጥሚያ ነበር። በሩጫው መካከል የፊት እግሯ ተሰበረ። ከሰመመን ስትነቃ ተፍጨርጭራ እንደገና ተጎዳችና ሊያድኗት አልቻሉም፤ ተገደለች። “ፈረስ ይቅረብ፣ ይፈተን” የሚል ሰው ይህን ሳያስብ መናገር የለበትም። አደጋውን ያልመረጠው እንስሳ ነው፤ የሚሰበረውም የእሱ እግር ነው።

ስለዚህ ድንበር አኖራለሁ። የምጠይቀው ለሽንፈት መቅረብን ነው፤ ለስብራት መቅረብን አይደለም። ሁለቱ በአንድ መም ላይ ስለሚገናኙ ፈጽሞ ይለያያሉ ማለት አልችልም፤ ግን አሰልጣኝ በመካከላቸው ሊለይ ይችላል፣ ይህም ሥራው ነው። በ2025 የሶቨሪኒቲ አሰልጣኝ ቢል ሞት፣ ፈረሱ ደርቢን ካሸነፈ በኋላ በሁለት ሳምንት ፕሪክነስ ላይ እንዲሮጥ አልፈቀደም፤ በቤልሞንትና በትራቨርስ ከባዶቹን ገጥሞ አሸነፈ። በመከር ወቅት ትኩሳት ስለያዘው ከክላሲክ አስወጡት። እነዚህን ሁለት መቅረቶች በፈረሱ ላይ የሚቆጥር መራጭ ቢኖር የኔ ወገን አይደለም። በፍርሃት መቅረትና በርኅራኄ መቅረት አንድ አይደሉም። መራጭ መለየት ያለበት ይህን ነው፤ የሚለየውም ፈረሱ በሮጠባቸው ሌሎች ቀኖች ከማን ጋር እንደሮጠ በማየት ነው።

በ2023 የሆነው ለመናገር ይበልጥ ያስጨንቀኛል። ኮዲስ ዊሽ የተባለው ፈረስ የተሰየመው በብርቱ የዘር ሕመም በተሽከርካሪ ወንበር ይኖር በነበረ ልጅ ስም ነው። ፈረሱ ገና ውርንጭላ ሳለ ልጁ እርባታ ጣቢያውን ሲጎበኝ ውርንጭላው ራሱ ቀርቦ ጭንቅላቱን በልጁ ጭን ላይ አሳረፈ። ከዚያ በኋላ ልጁ ሊያየው ሲመጣ ያሸንፍ ጀመር። በኖቬምበር 2023 ብሪደርስ ካፕ ደርት ማይልን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ፤ ልጁ እዚያ ነበረ፣ በማግሥቱ ወደ ቤቱ ሲመለስ ዐረፈ። ፈረሱ የዓመቱ ፈረስ ተባለ። መልካም ፈረስ ነበር፤ ሜት ማይልን ጨምሮ ታላላቅ ውድድሮችን በዚያ ዓመት አሸንፏል። ነገር ግን በሳራቶጋ ዊትኒ ላይ ከዋይት አባሪዮ ጋር ተገናኝቶ ሦስተኛ ወጥቷል፤ ያሸነፈው ያው ዋይት አባሪዮ በኖቬምበር ክላሲክንም አሸንፏል። መራጮቹን ያንቀሳቀሳቸው ፍቅር ነው፤ እኔንም ያንቀሳቅሰኛል። ለዚያ ፍቅር ግን ሌላ ሽልማት፣ ሌላ ሐውልት፣ ሌላ ቀን ሊሰጠው ይገባ ነበር። በሜዳ ላይ ያለፈውን ፈረስ ስም ከመስመሩ ፍቆ ሌላ መጻፍ ለልጁም ለፈረሱም ክብር የሚጨምር ነገር የለውም።

መጨረሻ ላይ ያቆየሁት 2018ን ነው። ጀስቲፋይ በሁለት ዓመቱ ሮጦ የማያውቅ ፈረስ ነበር። ፌብሩዋሪ 18 የመጀመሪያ ውድድሩን ሮጠ፣ ጁን 9 ቤልሞንትን አሸንፎ የሦስትዮሽ ዘውዱን ደፋ፤ በ111 ቀን ውስጥ ስድስት ሩጫ፣ ስድስት ድል። ከ1882 ወዲህ በሁለት ዓመቱ ሳይሮጥ ደርቢን ያሸነፈ ፈረስ አልነበረም። ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ስላበጠ ጡረታ ወጣ። ከዕድሜ እኩዮቹ በቀር ከማንም ጋር አልሮጠም። በአፕሪል ሳንታ አኒታ ደርቢን ካሸነፈ በኋላ በተወሰደው ናሙና ስኮፖላሚን እንደተገኘ ሕዝቡ ያወቀው በ2019 ሴፕቴምበር ነው፤ የካሊፎርኒያው ተቆጣጣሪ ቦርድ አስተናግር የተቀላቀለበት ድርቆሽ በልቶ ሊሆን ይችላል ብሎ ጉዳዩን በዝግ ስብሰባ ትቶት ነበር። ምክንያቱ ድርቆሹ ይሁን አይሁን፣ መራጮቹ በጃንዋሪ ድምፅ ሲሰጡ ሊያውቁት የሚገባ ነገር ተሸሽጎባቸዋል። ያልተነገረው ምስክር በደንብ ሊመሰክር አይችልም።

አክሰለሬት በዚያው ዓመት ከፌብሩዋሪ እስከ ኖቬምበር ሰባት ጊዜ ሮጠ። ስድስቱን አሸነፈ፤ አምስቱ በከፍተኛው ደረጃ ያሉ ውድድሮች ናቸው። አንድ ጊዜ ኦክላውን ላይ ሲቲ ኦፍ ላይት ቀደመው፤ ከዚያ ተመልሶ በሳንታ አኒታ፣ በዴል ማር፣ እንደገና በሳንታ አኒታ አሸነፈ፤ በኖቬምበርም ክላሲክን ከአሥራ ሦስት ፈረሶች ጋር ገጥሞ ወሰደ። ድምፁ 191 ለ54 ሆኖ ለጀስቲፋይ ሄደ። ጀስቲፋይ ዘውዱ አለው፤ የሦስት ዓመት ድንጉላዎች ሻምፒዮን መባሉንም የሚከራከር የለም። የዓመቱ ፈረስ በሚለው መስመር ላይ ግን እኔ ብሆን በጁን ያበቃውን ዓመት አልጽፍም ነበር፤ አክሰለሬት ብዬ እጽፍ ነበር።